ውሻ ለማንሸራሸር የተሰጠ ፈቃድ

ወረቀቱ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም ነበር። «ከላይ ስሟ የተጠቀሰው የቀበሌያችን ነዋሪ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ውሻ ለማንሸራሸር ከኬላ ውጭ እንድትወጣ ተፈቅዶላታል። በሰዓቱ ባትመለስ ተጠያቂው አባቷ ይሆናል» ይላል። የቀበሌው ጸሐፊ በታይፕ ሲመታው አጠገቡ ቆሜ ነበር። «ውሻ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ጣቶቹን አንስቶ ሊቀመንበሩን ቀና ብሎ አየው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለማንሸራሸር ልበል ወይስ ለማሰማራት?»

«ማሰማራት ለከብት ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «ለማንሸራሸር በል።»

ማንም አልሳቀም። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚያች ቀን በፊት ለሁለት ዓመት ገደማ ከከተማው ወጥቼ አላውቅም ነበር።

አባቴ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከኬላው በእግር የግማሽ ሰዓት ያህል ርቆ በሚገኝ አንድ የድሮ አትክልት ቦታ ከሠላሳ ዓመት በላይ የአትክልተኞች አለቃ ሆኖ ሠርቷል። ቦታውን ያቀናው ሐዲዱ ሲዘረጋ የመጣ ፈረንሳዊ ነበር፤ አባቴ የሠራው ለልጁ ነው። ልጁን ከተማው በሙሉ «ሙሴው» ይለው ስለነበር እኛም ሙሴው እንለዋለን። የመጀመሪያው ሙሴ በአገሩ የሚያውቀውን የመኳንንት መናፈሻ እዚህ አሸዋ ላይ መልሶ ለማየት የፈለገ ይመስለኛል። ከተራራው ሥር ከሚፈልቅ ምንጭ በድንጋይ የተገነባ ቦይ ስቦ፣ መሐል ላይ ክብ ኩሬ አስቆፍሮ፣ በኩሬው ዙሪያ ደረጃ ሠርቶ፣ ከኩሬው ተነስተው በየአቅጣጫው የሚጠማዘዙ መንገዶች አውጥቶለታል። በመንገዶቹ ግራና ቀኝ ፍሬው የሚኮመጥጥ ትልቁ ሮቃ፣ ማንጎና ዘይቱን ተተክሏል። ሌላው አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው ያ ቀይ አበባ የሚያወጣው ዛፍም ነበረበት። አጥሩ ወገብ ድረስ የሚደርስ የድንጋይ ካብ ነው። ከካቡ ውጭ፣ ከቦዩ ጎን ለጎን፣ ቦታውን በሙሉ የሚዞር የእግር መንገድ አለ። አባቴ «ዙሩ» ይለዋል። ሳይቸኩሉ ቢሄዱት አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ድሮ እሑድ እሑድ የባቡር ሰዎችና ፈረንጆች ውሾቻቸውን በገመድ ይዘው እየመጡ ዙሩን ይሄዱ ነበር። አባቴ ከደጋ እንደመጣ ያንን ሲያይ ጉድ ብሏል። «ውሻ ሰው ሲከተል እንጂ ሰው ከውሻ ኋላ ሲዞር ያየሁት እዚያ ነው» ይል ነበር። በኋላ ግን ልማዱ እሱም ላይ ተጋባ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ያሳደገኝም እዚያው አትክልቱ ውስጥ፣ ለሠራተኞች በተሠራች አንዲት ቤት ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል የሙሴውን ውሻ ይዞ ዙሩን ይዞራል፤ ቦዩን ያያል፤ የተሰበረ ቅርንጫፍ ያነሳል፤ ውሻው ቦዩ ውስጥ እየገባ ይንቦጫረቃል።

ቦታው ሲወረስ ሙሴው አንድ ሻንጣ ይዞ ሄደ። ውሻውን ለአባቴ ተወለት። ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ አንድ ሰው «ሙሴው ንብረቱን አትክልቱ ውስጥ አስቀብሮ ነው የሄደው፤ ቦታውን የሚያውቀው አለቃው ነው» ብሎ ጠቆመ። ጠቋሚው ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም። ቆፈሩ፤ ምንም አላገኙም። አባቴን ሰባት ወር ካሰሩት በኋላ ግዴታ አስገብተው ለቀቁት፤ ጠዋትና ማታ ቀበሌ እየሄደ ይፈርማል፤ ከቀበሌው ክልል ንቅንቅ አይልም። ከአትክልቱ ቤት አስወጥተውን ሳቢያን ውስጥ አንዲት ክፍል ተሰጠችን።

የእኔም ነገር ከእሱ ጋር ታሰረ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ፈተናውን አልፌ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ነበር። ለመሄድ ከቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ «የአባትሽ ጉዳይ ሲያልቅ» አለኝ። ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፣ ሁለት ጊዜም ይህንኑ መለሰልኝ። ለሦስተኛ ጊዜ መሄዱንም ተውኩት።

ውሻው ትልቅ ነበር፤ ቡናማ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ። ያንን ሰሞን ያልታሰረ ውሻ ሁሉ መርዝ የተቀባ ሥጋ እየተጣለለት እንደሚገደል ተነገረ። አሰርነው። መታሰሩን ግን አልተቀበለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይነሳና እስኪመሽ ድረስ ይጮሃል። ሊቀመንበሩ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ነው የሚኖረው። እንዳያስገድለው ውሻው ሌሊት ሌሊት የቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ታስሮ እየጠበቀ ይጠቅመዋል፤ እንዳይተወው ደግሞ ጩኸቱ አላስቀምጥ አለው።

«ምንድን ነው የሚፈልገው?» ብሎ አባቴን ጠየቀው አንድ ቀን።

«መንገዱን ነው» አለ አባቴ። «በዘጠኝ ሰዓት ይዞር ነበር።»

ወረቀቱ የመጣው እንደዚያ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አባቴ እስከ ቀበሌው ወሰን ሸኘን። ከዚያ ወዲያ እንዳያልፍ የተነገረው አንዲት የኒም ዛፍ ጋ ነበር። ጥላዋ ሥር ቆመና ገመዱን አቀበለኝ።

«በቀኝ በኩል ዙሪ» አለኝ። «በግራ ከዞርሽ ፀሐይ ዓይንሽ ውስጥ ትገባለች። ቦዩን እያየሽ ሂጂ። ኩሬው ከዋናው በር በኩል ይታይሻል።»

«እሺ አባዬ።»

«የሮቃዎቹን ፍሬ ደግሞ እይልኝ።»

ኬላው ላይ ያለው ወታደር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ውሻውን አየ፤ እኔን አየ፤ መልሶ ወረቀቱን አየ። የኬላውን ገመድ ዝቅ አደረገልኝ። ውሻው ከኬላው እንዳለፍን መጎተት ጀመረ፤ እጄ እስኪላጥ ድረስ ጎተተኝ።

አትክልቱ ጋ ስደርስ መጀመሪያ ቦታውን ያለፍኩት መሰለኝ። ሮቃዎቹ የሉም። ከግንድ ጉቶ በስተቀር ምንም አልቀረም፤ ለከሰል ተቆርጠዋል። የቦዩ ድንጋይ እዚህም እዚያም ይታያል እንጂ ውስጡ ጢም ብሎ አሸዋ ሞልቶታል። ኩሬው ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ደረጃው ላይ ዝገት የበላው በርሜል ተደርድሯል። የቀሩት በስተጀርባ ያሉት የማንጎ ዛፎች ናቸው፤ እነሱም ቅጠላቸው ጠውልጎ ተንጠልጥሏል። በሩ ላይ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሏል። ከሥሩ ደግሞ ሽርጥ ያገለደመ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል።

ሰውየውን አውቀዋለሁ። ሱማሌ ነው፤ ከቢዮ አዋሌ። በደህናው ጊዜ የአትክልቱን ፍሬ በግመል እየጫነ ወደ ገበያ ያደርስ ነበር። አሁን ዘበኛ አድርገውታል። አማርኛው ላይ ወንድም ሴትም የለ፣ ሁሉም «አንቺ» ነው። ውሻውን ገና ከሩቅ ሲያየው ብድግ አለና ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ ራቅ ብሎ ቆመ። የውሻ ምራቅ ከነካው ከስግደት በፊት እንደገና መታጠብ አለበትና።

«አንቺ አልሞትሽም እንዴ?» አለው ውሻውን። ወደ እኔ ዞሮም፣ በቋንቋው «አንቺ ልጅ» ለማለት፣ «ናያ፣ አባትሽ ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው። ከቀበሌ መውጣት ግን አይችልም።»

«እኔም ቢዮ አዋሌ መሄድ አይቻለኝም» አለ። «ፍየሎቼን ካየሁ ዓመት ሆነ። ወረቀት የለም ይላሉ። አንቺ ለውሻ ወረቀት አገኘሽ።»

በነገር ሊወጋኝ ብሎ አይደለም፤ ያለውን ነገር ነው የተናገረው።

ዙሩን ዞርኩ። ውሻው ቦዩ ጋ ሲደርስ እየገባ አሸዋውን በእግሩ ይጭርና ቆም ብሎ ያሸታል፤ ከዚያ ወጥቶ ይቀጥላል። ስመለስ አባቴ ከኒሟ ሥር እንደቆመ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ እዚያው ነው የዋለው። ገመዱን ተቀበለኝ፤ የውሻውን ጀርባ አሻሸ።

«እሺ?» አለኝ።

የምነግረውን ከኬላው ጀምሮ ስዘጋጅበት ነበር። እውነቱን ነበር የተዘጋጀሁት። ፊቱን ሳየው ግን «ደህና ነው» አልኩት።

«ሮቃዎቹስ?»

«አፍርተዋል።»

«ኩሬው ላይ ቅጠል በዝቷል?»

«ትንሽ።»

«የሚጠርግ የለማ» አለና ቀስ ብሎ ወደ ቤት መንገድ ጀመረ።

እንዲህ አድርጌ ጀመርኩት፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። በየቀኑ ይጠይቀኛል። ጥያቄው እንደሌላ ሰው «እንዴት ነው?» አይደለም። በቀኝ በኩል ሦስተኛው ማንጎ፣ ያዘነበለው፣ ድጋፉ እንዳለ ነው ወይ? የዘይቱኑን ፍሬ ወፎች በሉት ወይ? ከኩሬው ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ ድንጋዩ ተፈናቅሏል ወይ? እያንዳንዱን እመልሳለሁ። የነገርኩትን እንዳልረሳ ማታ ማታ በልቤ እደግመዋለሁ። አንድ ቀን ለማረፍ ብዬ ያዘነበለው ማንጎ ወደቀ አልኩት፤ ቢያንስ ስለ እሱ መጠየቁን ይተዋል ብዬ ነበር። ግንዱ በየት በኩል እንደወደቀ፣ ሌላ ዛፍ ይጎዳ እንደሆነ እስኪመሽ ድረስ ጠየቀኝ።

እውነቱን ለመናገር ውሻውን እጠላው ነበር። መንገዱንም እጠላው ነበር። ከጓደኞቼ ግማሾቹ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ እኔ በፀሐይ የሞተ አትክልት ስዞር እውላለሁ። ከኬላው ሳልፍ የሚሰማኝ ነፃነት የመሰለ ነገር በሩ ጋ ስደርስ ያልቃል። ወረቀቱ ያወጣኛል፣ ያው ወረቀት ይመልሰኛል። ቤት ስገባ ደግሞ አባቴ ዝርዝሩን ይዞ ይጠብቀኛል። አንዳንድ ጊዜ ከቀበሌው ይልቅ የሱ ጥያቄ ያነቀኝ ይመስለኛል።

በስድስተኛው ወር አካባቢ አንድ ቀን የማትሪክ ውጤቴን አጣጥፌ በጡት መያዣዬ ሸጎጥኩ። አትክልቱ ጋ ስደርስ ውሻውን ከአንድ የሮቃ ጉቶ ጋር አሰርኩትና ወደ መልካ ጀብዱ መንገድ ቀጠልኩ። ውሻው አልጮኸም። ዞር ብዬ ሳየው ተቀምጦ ያየኛል።

መልካ ጀብዱ ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም፤ ግማሹን መንገድ ሮጫለሁ። ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። ሹፌሩ ጥላው ሥር ተጋድሞ ነበር፤ ሸምገል ያለ ሰው።

«ወዴት ነህ?» አልኩት።

«አዋሽ። ምነው?»

«ውሰደኝ። ከአዋሽ ወዲያ ራሴ እሄዳለሁ።»

ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ወረቀት አለሽ?»

ያለኝ አንድ ወረቀት ነው፤ ሰጠሁት። መነጽሩን አውጥቶ አነበበው። እንደ ወታደሩ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ውሻ ለማንሸራሸር ይላል» አለኝ። «ውሻው የታለ?»

ወደ መጣሁበት መንገድ ዞሬ አየሁ።

«እኔ ብወስድሽ የመጀመሪያው ኬላ ላይ ያወርዱሻል። ባያወርዱሽስ?» ብሎ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረውና የመጨረሻው መስመር ላይ ጣቱን አደረገ። «እዚህ የተጻፈው አባትሽ ነው።»

ያንን መስመር አላየሁትም ልል አልችልም፤ ሲታተም ቆሜ አንብቤዋለሁ። ግን ከቤት ስወጣ በልቤ ዘልዬው ነበር። ሰውየው ከብርጭቆው ውሃ አጠጣኝ። «አሥር ሰዓት ተኩል አልፏል» ብቻ አለኝ። ተመልሼ መሮጥ ጀመርኩ።

የአትክልቱ በር ጋ ስቃረብ ዘበኛው መንገዱ ላይ ቆሟል። የውሻውን ገመድ ይዟል። የሽርጡን ጫፍ እጁ ላይ ጠቅልሎ፣ ክንዱን እስከቻለው ድረስ ከሰውነቱ አርቆ ነው የያዘው። ውሻው ደግሞ ከጎኑ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጧል።

«ናያ» አለኝ፣ «ውሻሽን ረሳሽ።»

ሌላ ምንም አላለም። የት እንደነበርኩም አልጠየቀኝም። ገመዱን ስቀበለው ግን ካቡ ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ጀመርኩ፤ እያለቀስኩም ስለ አትክልቱ ለአባቴ በየቀኑ እንደምዋሽ ነገርኩት። ስለ መኪናው አልነገርኩትም፤ የተናገርኩት ስለ ሮቃዎቹ፣ ስለ ኩሬውና ስለወደቀው ማንጎ ነው። እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«ውሃው አልሞተም» አለኝ በመጨረሻ። «ምንጩ አለ። ጎርፍ አሸዋ አምጥቶ መግቢያውን ዘጋው፣ ውሃው ወደ ሸለቆ ይሄዳል። የት እንደተዘጋ ግን እኔ አላውቅም። የግመል ሰው ነኝ። አባትሽ ያውቃል። ጠይቂው።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ኬላው ጋ ደረስኩ። አባቴ ኒሟ ሥር ነበር። ላቤንና አቧራዬን አየ። «ዛሬ ሮጣችኋል» አለ፤ ዝርዝሩንም አልጠየቀኝም።

በማግስቱ ጠዋት ከፊርማ ሲመለስ ጠበቅሁትና እንደዋዛ፣ «አባዬ፣ የቦዩ ውሃ መግቢያ በየት በኩል ነው? ቢዘጋ እንዴት ነው የሚከፈተው?» አልኩት።

ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ተነስቶ ከምድጃው ከሰል አነሳና የክፍላችን ሲሚንቶ ላይ ሣለው፤ ምንጩን፣ ሁለቱን ትልልቅ ድንጋዮች፣ በመካከላቸው ያለችውን የብረት መዝጊያ፣ ቦዩ የሚታጠፍበትን ቦታ። «መዝጊያዋ ከላይኛው ድንጋይ አምስት እርምጃ ዝቅ ብላ ነው» አለኝ። «ከታች ወደ ላይ ቆፍሪ። ከላይ ከጀመርሽ ውሃው አሸዋውን ይዞ እንደገና ይደፍነዋል።» እኔ ነኝ የምቆፍረው አላልኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ሥዕሉን በቅጡ ካየሁት በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ የተፈቀዱልኝ ሦስት ሰዓታት የቁፋሮ ሆኑ። ዘበኛው አንድ አካፋና አንድ ዶማ ከመጋዘኑ ያወጣል፤ በየተራ እንቆፍራለን። ሥራው ከባድ ነበር፤ አሸዋው ያወጣነውን ያህል መልሶ ይናዳል። እሱ ሲደክመው ቁጭ ብሎ ስለ ፍየሎቹ ያወራል፤ የትኛዋ መንታ እንደምትወልድ፣ የትኛዋ ሰው እንደምትወጋ። ውሻው በአካፋው ፊት ፊት ይሄድና የሚቆፈረውን አሸዋ ያሸታል። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነን አንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ በሁለት እግሩ መጫር ጀመረ፤ አልነሳም አለ። ብንቆፍረው እርጥብ ሆኖ አገኘነው። በሦስተኛው ቀን መዝጊያዋ ታየች። ዘበኛው በዶማው እጀታ ፈንቅሎ ነቀነቃት፣ አላቀቃት።

ውሃው እንዳሰብኩት እየተንፎለፎለ አልመጣም። ጥቁር ሆኖ፣ ቅጠልና አረፋ እየገፋ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ነው የመጣው። ከጎኑ እየሄድን ተከተልነው። ወደ ኩሬው አልደረሰም፤ ያጸዳነው የቦዩን የጀርባ ክፍል ብቻ ስለነበር ማንጎዎቹ ሥር ደርሶ ተንጣለለ። ውሻው ገብቶ ተኛበት። እኔ እስካሁን ያን ያህል የተደሰተ እንስሳ አላየሁም። ዘበኛው ክንዱን እስከ ክርኑ ታጠበ፣ ፊቱን ታጠበ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ሰገደ።

አባቴ ከኒሟ ሥር ሆኖ ሲያየን ውሻው ከእጄ አምልጦ ወደ እሱ ሮጠ። ሆዱ በጭቃ ተለውሷል፤ ጅራቱ ይንጠባጠባል። አባቴ ተንበረከከ። በሁለት እጁ የውሻውን እግሮች ያዘ፤ መዳፉን ሆዱ ላይ አድርጎ ጭቃውን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው።

«መጣ» አለ።

«አዎ አባዬ።»

«እስከ የት ደረሰ?»

«እስከ ማንጎዎቹ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከመሬት ሳይነሳ፣ «ይህ ውሻ ስድስት ወር ሙሉ ደረቅ እግር ይዞ ነበር የሚመጣው» አለኝ። «ቦዩ ውስጥ ሳይገባ ዙሩን ጨርሶ አያውቅም።»

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«በመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ለምን በየቀኑ ትጠይቀኝ ነበር?»

«አንቺ ስትነግሪኝ እኔም እሄድ ነበር» አለ። የውሻውን ጭቃ እያራገፈ፣ «ሮቃዎቹን ቆረጧቸው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ቆረጧቸው። ሁሉንም።»

ውሻውን ይዞ ተነሳ። ያን ቀን ማታ ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። አላለቀሰም፤ እንዲያውም ጥያቄው አጭር አጭር ሆነ። ተናድጄበት ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ ውሸቴን እየሰማ እንዴት ዝም ይለኛል ብዬ። እሱም ቅር ብሎት እንደነበር በኋላ ገባኝ። አንዳችን ሌላችንን ይቅርታ ሳንጠይቅ ነገሩ በዚያው አለፈ።

ወሬው ቀበሌ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀም። አባቴን ጠርተው ሲጠይቁት እኔና ዘበኛውም ተጠርተን ነበር።

«ማን አዞ ነው የመንግሥት ውሃ የተከፈተው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ውሻው ነው» አለ ዘበኛው።

«ምን ማለትህ ነው?»

«አንቺ ሊቀመንበር፣ እኔ እውነት ነው የምናገር። ውሻው ጫረ፣ ውሃው መጣ። ወላሂ።»

ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም፤ የሚያደርገውን ግን አላወቀም። ወረቀቴን ተቀበለኝና ቀደደው። ሦስት ሳምንት ውሻው ታስሮ ጮኸ። ከዚያ ከበላይ ሰዎች መጥተው ውሃውን አይተው ኖሮ፣ ቦታው የሽንኩርትና የጎመን እርሻ እንዲሆን ተወሰነ። ውሃውን የሚያውቅ ሰው ስላስፈለገ አባቴ ጠዋት በታጣቂ ታጅቦ እየሄደ እንዲሠራ፣ ማታ በታጣቂ ታጅቦ እንዲመለስ ታዘዘ። ፊርማው አልቀረለትም። የሚከፈለው እንደ ቀን ሠራተኛ ነው፤ ድሮ ያዝዛቸው ከነበሩት ሰዎች እኩል።

ይህ እንደ ሁለተኛ እስር ሆኖበት ከመጀመሪያው ይከፋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ምክንያቱም ጠመዝማዛ መንገዶቹን በዶማ አፍርሶ፣ መሬቱን አስተካክሎ የሽንኩርት መደብ የሚያወጣው እሱ ራሱ ነው። አንድ ቀን ከታጣቂው ጋር ምሳውን ይዤ ሄጄ አይቼዋለሁ። ምሥራቁን መንገድ ሲያፈርስ ድንጋዮቹን እንደ ሌሎቹ አይወረውራቸውም፤ አንድ በአንድ እያነሳ ካቡ ሥር ይደረድራቸዋል። «ምን ልታደርጋቸው ነው?» አልኩት። «ምንም» አለኝ። «እንዲሁ አይጣሉም ብዬ ነው።» ማንጎዎቹን ግን አላስነካም። ጥላቸው ለሠራተኛ ይጠቅማል ብሎ ለሊቀመንበሩ አስረዳ፤ ሊቀመንበሩም ተቀበለው። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ ዳኑ።

ውሻው ከአባቴ ጋር ይውል ነበር። ለሱ ወረቀት አላስፈለገውም። በሁለተኛው ዓመት አርጅቶ ቦዩ ዳር እንደተኛ ሞተ። አባቴ እዚያው ቀበረው፤ ማታ መጥቶ ነገረኝና ሳይበላ ተኛ። እኔ የጠላሁት ውሻ ስለሆነ ሐዘኑ አይነካኝም ብዬ ነበር፤ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ምን ልሠራ እንደተነሳሁ ጠፋኝ።

ዘበኛው ከብዙ ልመና በኋላ ለአምስት ቀን ቢዮ አዋሌ እንዲደርስ ተፈቀደለት። ስምንት ቀን ቆይቶ መጣ፤ ለዚህም ተቀጣ። ፍየሎቹ ግማሹ ተሸጠው፣ ግማሹ አልቀው ነው ያገኛቸው። «አሁን የማስበው ነገር የለኝም፣ ይሻላል» አለን፤ ይሻለዋል ብዬ ግን አላመንኩትም።

የአባቴ ፊርማ የቆመው ሊቀመንበሩ ሲቀየር ነው። አዲሱ ሰው መዝገቡን ገልጦ፣ «ይህ ሰው ምን አድርጎ ነው የሚፈርመው?» ብሎ ጠየቀ አሉ። የሚመልስለት ሰው ጠፋ። ያን ቀን አባቴ ቤት መጥቶ አልጋው ላይ ተቀመጠና ጫማውን ሳያወልቅ ብዙ ቆየ። የእኔም መሸኛ በዚያው ሳምንት ተጻፈ። የዩኒቨርሲቲው ቦታ ግን ከሄደ ቆይቷል፤ በዕድሜዬም በውጤቴም የሚቀበለኝ አዲስ አበባ ያለ አንድ የጽሕፈት ማሠልጠኛ ብቻ ሆነ።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ፣ «ዛሬ ወደ ደቻቱ እንሂድ» አለኝ። በድሬዳዋ ዕድሜውን ጨርሶ የወንዙን አሸዋ ተከትሎ ሄዶ አያውቅም ነበር፤ መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ጫማችንን አውልቀን በደረቁ ወንዝ መሐል ሄድን። ሰዎች ልብስ አጥበው አሸዋው ላይ አስጥተዋል፤ ግመሎች ተኝተዋል። ብዙም ሳንርቅ ደከመውና አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ማሠልጠኛው ስንት ዓመት ነው?» አለኝ።

«አንድ ዓመት። ካልፈለግህ አልሄድም።»

«እኔ ምን እፈልጋለሁ?» አለ። እግሩን አሸዋው ውስጥ እየቀበረ፣ «ስድስት ዓመት ያቆየሁሽ እኔ ነኝ» አለኝ።

«አንተ አይደለህም።»

«ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እኔ ነበርኩ።»

አይደለም ብለው ውሸት ይሆናል፤ ነው ብለው ደግሞ ከዚህ ሰው የበለጠ የታሰረ አልነበረም። አሸዋውን ከእግሩ አራገፈና ጫማውን ማድረግ ጀመረ፤ ማሰሪያው እምቢ ሲለው ጎንበስ ብዬ አሰርኩለት።

በሳምንቱ ባቡር ተሳፍሬ ሄድኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ስንት ዓመት ያለምኩት ቀን ነበር። መንገዱን ሙሉ መሸኛዬን በእጄ ይዤ፣ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነው የደረስኩት።